ከኖኤላ ስም አጠገብ የነበረው ባዶ ቦታ

ለውድ ወንድሜ ለኦሬል፣

ይህ ወረቀት እጅህ እስኪገባ ድረስ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተመልሶ አልመጣብህም? ባለቤትህ ሎይስስ፣ ልጆቹስ፣ አማትህስ እንዴት ናቸው? እዚያ አላስካ በረዶው ለቀቅ አድርጓችኋል ወይስ አሁንም እንደያዛችሁ ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባለቤቴ ጊልበርት ድንቹን ተክሎ ጨርሶ ገና ትናንት ነው ከወገቡ ቀና ያለው። እናታችንም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ትንሽ ይዟታል፣ አፏን ግን ምንም አልያዘውም። ልጅህ ኖኤላም ደህና ናት። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ኦሬል፣ በስልክ "ትንሽ የጆሮ ሕክምና ናት፣ አትጨነቅ፣ ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ" ብዬህ ነበር። ሕክምና መሆኑ እውነት ነው፤ ትንሽ መሆኑ ግን ውሸት ነው። ድምፅህን ስሰማ ነው እንደዚያ ያልኩህ። እውነቱን ልነግርህ ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። እስቲ በብዕር ልሞክረው። ተቀምጠህ አንብበው። ጨርሰህ ብትቆጣኝ አልፈርድብህም።

እንደምታውቀው የትምህርት ቤታችንን የማሻሻያ ዕቅድ የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣነው ዕቅድ ስለ ሂሳብና ስለ ንባብ ውጤት ብዙ ገጽ ነበረው። የተማሪዎች ምክርና ክትትል የሚባለው ነገር ግን አንዲት ገጽ ብቻ ነበረች፣ እሷም መጨረሻ ላይ ከአባሪዎቹ ጋር የተሰፋች። እዚያች ገጽ ላይ "እያንዳንዱ ተማሪ በቅርብ የሚያውቀው አንድ አዋቂ ሰው ይኖረዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም ቤቴ፣ ምግብ በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ኖኤላ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያችን ገጽ የገለጠ ሰው የለም። ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ያለችን አንዲት አማካሪ ናት፤ እሷም የሳምንቱን ግማሽ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የምታሳልፈው።

አሁን በአፕሪል መጨረሻ አዲሱን ዕቅድ ልንጀምር አስተማሪዎቹ ሁሉ በቤተ መጻሕፍቱ ተሰበሰብን። ርእሰ መምህራችን ሉስየን የተማሪዎቹን ስም በትልልቁ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ለእያንዳንዳችን አረንጓዴ ክብ ተለጣፊ ወረቀት አደለንና፣ ውጤት ካርድ ላይ የማይገኝ አንድ ነገር የምታውቁለት ልጅ ካለ ስሙ አጠገብ ለጥፉ አለን። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ቤት ማን እንደሚጠብቀው። ሲጠየቅ ጮክ ብሎ መናገር የማይችል እንዳይለጥፍ፤ ለሥጋ ዘመዱም ማንም እንዳይለጥፍ አለ። የታሪክ አስተማሪው ቨርን ወረቀቱን እያገላበጠ "እኛ አስተማሪዎች ነን ወይስ ሞግዚቶች? ቀጥሎ ደግሞ አፍንጫቸውን ጥረጉ ልትለን ነው?" አለና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ። የኳስ ተጫዋቾቹና የአስቸጋሪዎቹ ስም አጠገብ ዘጠኝ አሥር ምልክት ተደርድሯል። ሠላሳ ሰባት ስም ግን ምንም አልነበረውም። ሉስየን ባዶዎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔን አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኖኤላ ሲር" አለ።

እናቷ ቴሬዝ ካረፈች በኋላ አንተ ወደ አላስካ ስትሄድ "ትምህርቴን እዚሁ ልጨርስ" ስትልህ አደራ ብለህ የሰጠኸኝ ልጅ! ለዘመድ አይለጠፍም ስለተባለ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ከዚያ ደግሞ ጠየቅሁ፤ ቢፈቀድልኝስ ምን አውቃለሁ ብዬ እለጥፍ ነበር? ጓደኛዋ ማን ነው? ምን ያስቃታል? አራት ዓመት ሙሉ ቤቴ ስትኖር፣ ሂሳብ ዘጠና አራት ማምጣቷን እንጂ ሌላ የማውቀው ነገር አጣሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ሆነብኝ።

በዚህ መሃል የተማሪዎች ምግብ ቤት ሠራተኛዋ ዴልፊን ስኒዎቹን ልትሰበስብ ገባች። እሷን ለስብሰባው የጠራት የለም። ትሪዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና "ምነው ይቺ ልጅ ባዶዋን ቀረች?" አለች፣ የኖኤላን ስም በአገጯ እያሳየች። ሉስየን "ታውቂያታለሽ እንዴ?" ቢላት "እንዴት አላውቃት? ግራ ጆሮዋ የማይሰማው ልጅ አይደለችም?" አለች። እንዲሁ እንደ ዋዛ ነው ያለችው፤ ሁላችንም የምናውቅ መስሏታል።

ዴልፊን ፊታችንን ስታይ እሷም ደነገጠች። "ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ ቀኟን ነው የምታዞርልኝ። ወንድሜም እንደዚያ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ከገና ወዲህ ደግሞ ጆሮዋ ይሸታል፣ ጥጥ ትወትፍበታለች። ለነርሷ ንገሪ ብያት 'ነግሬያታለሁ' አለችኝ። አልነገረችም ማለት ነው?" አለች። ቨርን ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ ሦስት ጊዜ ከክፍል አስወጥቻታለሁ። ስጠራት አትዞርም ነበር፤ ንቀት መስሎኝ" ብሎ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። እኔስ ብትል? ደረጃው ሥር ቆሜ "ጆሮሽ አይሰማም እንዴ?" ብዬ ስንት ቀን እንደጮኽኩባት እግዚአብሔር ይቁጠረው። አይሰማም ነበር፣ ኦሬል። አይሰማም ነበር።

ወዲያው ከክፍሏ አስጠርቼ መኪና ውስጥ አስገባኋት። መንገድ ላይ ላናግራት አፌን ስከፍት አንድ ነገር ታወቀኝ። እኔ ስነዳ እሷ በቀኜ ነው የምትቀመጠው፤ ወደ እኔ የሚሆነው ግራ ጆሮዋ ነው። ዓመት ተኩል ሙሉ በየመንገዱ ሳወራት መስኮቱን እያየች ዝም የምትለኝ፣ እኔም "የጉርምስና ኩርፊያ ነው" እያልኩ የማልፈው ለካ ለዚህ ነው! መኪናውን ከጊልበርት የድንች መጋዘን አጠገብ አቆምኩና ወርጄ፣ ዞሬ፣ በእሷ በኩል ያለውን በር ከፍቼ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። በቀኝ ጆሮዋ በኩል "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። "እማዬም 'ትንሽ ነገር ናት' ብላ ነው ሐኪም ቤት ሄዳ የቀረችው። ካልተናገርኩት የሌለ ይመስለኛል" አለችኝ። "ታዲያ ለሌላ ሰው እንኳ?" ስላት "ማን ጠየቀኝ?" አለች። በቁጣ አይደለም ያለችው። ሰዓቱን እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ባንጎር ከተማ ያለው ሐኪም የጭንቅላቷን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ከጆሮዋ ታምቡር ጀርባ አንድ እባጭ በቅሎ ሲያድግ ከርሟል። ካንሰር አይደለም፣ ስሙ ይራቅ፤ ግን አጥንት ይበላል። ትንንሾቹን የመስሚያ አጥንቶች በልቶ ጨርሷቸዋል። በእሱና በአንጎሏ መካከል የቀረው እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ አጥንት ነው አለኝ። "እስከ ሴፕቴምበር የድንች ለቀማ ብትቆይ ኖሮ እዚህ ቁጭ ብለን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው" አለኝ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ። አንተ ጋ የደወልኩት ያን ዕለት ነው። ያን ዕለት ነው "ትንሽ" ያልኩህ።

ቀዶ ሕክምናው አምስት ሰዓት ፈጀ። ጊልበርት እማዬን ይጠብቅ ስለነበር ብቻዬን መስሎኝ ነበር፤ ዴልፊን ግን አራት ሰዓት መንገድ ነድታ፣ ፕሎይ የምንለውን ስስ ቂጣ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ምን አመጣሽ ብላት "አንድ ቀን እኔ ብቀር ምግብ ቤቱ አይዘጋም" አለችኝና አጠገቤ ተቀምጣ ሹራቧን መሥራት ጀመረች። ሐኪሙ ሲወጣ ሁለታችንም ብድግ አልን። ሁሉንም አውጥቶታል። የፊቷ ነርቭ አልተነካም፤ አፏም አልተጣመመም፣ ዓይኗም በደንብ ይከደናል። የግራ ጆሮዋ መስማት ግን ሄዷል። ከዓመት በኋላ ከፍተው አይተው ሰው ሠራሽ አጥንት ይሞክሩላታል፤ ይሁን አይሁን ቃል አልገባልንም። ከዚህ የደበቅሁህ ነገር የለም።

ስመለስ ኮሚቴውን ጠራሁ። በቀሩት ሠላሳ ስድስት ስሞች ተከፋፍለን እያንዳንዱን ልጅ አነጋገርን። ሌላም ጉድ ወጣ፤ አንዲት ልጅ ማንበብ ሳትችል፣ ፊደል እየገመተች፣ የጓደኛዋን እየገለበጠች አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። አንድም ሰው አላወቀም። ያችን ከአባሪዎቹ ጋር የተሰፋች ገጽ ገንጥዬ ጣልኳትና ምክርና ክትትሉን የዕቅዱ የመጀመሪያ ግብ አደረግነው። እያንዳንዱ አዋቂ አሥር ልጅ ይይዛል፤ ልጆቹ ትምህርት እስኪጨርሱ አይለያቸውም። በሳምንት ሦስት ቀን ሃያ አምስት ደቂቃ አብረው ይቀመጣሉ፤ ጊዜው ሌላ ነገር የማይነካው ሆኖ በክፍለ ጊዜ ሠሌዳው ላይ ገብቷል። የምግብ ቤት ሠራተኞች፣ የጽዳት ሠራተኛው፣ ጸሐፊዋም አሉበት። በየወሩ ስለ ዕቅዱ ስንሰበሰብ ከውጤት በፊት የሚነሳው ጥያቄ "የማናውቀው ልጅ ማን ነው?" የሚለው ነው። ግድግዳውም በዓመት ሁለት ጊዜ ይለጠፋል። ቨርን አሁንም ያጉረመርማል፤ "ሞግዚት መሆን ካልቀረልን እንግዲህ በወጉ እንሁን" ብሎ ግን መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነው።

የትምህርት ቦርዱ ፊት ስናቀርበው አንዱ ገበሬ የቦርድ አባል "ከትምህርት ላይ ደቂቃ ቆርጣችሁ ለወሬ ልትሰጡት ነው? ከየትኛው ትምህርት?" አለኝ። "ከእኔው ከሂሳቡ" አልኩት። "ልጄን ሁለት ዓመት ሂሳብ አስተማርኳት፤ ስንት ጆሮ እንደሚሰማላት ግን መቁጠር አልቻልኩም።" ልጄ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ ይቅር በለኝ። አራት ለአንድ ጸደቀ። አንዱ ያ ገበሬ ነው፤ ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ የኖኤላን ጤንነት ጠየቀኝ።

ለሴፕቴምበር ስም ስንመድብ ኖኤላን ከእኔ ጋር ላድርጋት ብዬ ነበር። "አንቺን ቤት አገኝሽ የለ፣ አክስቴ" ብላ ዴልፊንን መረጠች። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁ። አሁን ግን ማታ ማታ ሳህን ስናጥብ እኔ በቀኟ ነው የምቆመው፤ ወሬዋ ደግሞ፣ ኦሬል፣ አያልቅም። ቨርን ሲናደድ እንዴት እንደሚያስነጥሰው ስታሳየኝ እማዬ ሳቅ ገድሏት ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእሷ አስነበብኳት፤ ስለ እሷ ነውና ያለፈቃዷ መላክ አልፈለግሁም። ከእንግዲህ ሳልጠይቃት የማደርገው ነገር እንዲቀንስ ወስኛለሁ። እርሳስ ይዛ አነበበችና አንድ አንቀጽ ሙሉ ሰረዘች። "ይኼን አንቺ አትነግሪውም፤ እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው፣ ፊቱን እያየሁ" አለችኝ። እንደገና ገልብጬ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የተሰረዘው ምን እንደሆነ በስልክ ብትጠይቀኝም አልነግርህም፤ ስለ ሕመሟ አለመሆኑን ብቻ እወቅልኝ። ፈቃድ ጠይቅና በኦገስት ና። ልጅህ የምትነግርህ ነገር አላት።

ለሎይስ "እህትሽ ጄርሜን ሳመችሽ" በልልኝ፤ የላከችው በጢስ የደረቀ የሳልመን ዓሣ ደርሶናል፣ እጇን ይባርከው። የሎይስ ትልቁ ልጅ ቶቢ ጥርሱ ወልቆ እንደሆነ እማዬ ጠይቂልኝ ብላኛለች። ትንሿን ኤልሲን ጉንጯን ሳምልኝ። አማትህን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። ጊልበርት "ና እንጂ፣ ብቻዬን ዓሣ ማጥመድ ሰለቸኝ" ይልሃል። እማዬ በየጸሎቷ ስምህን ትጠራለች። ኖኤላ የራሷን ሰላምታ ለራሷ ይዛዋለች።

እህትህ ጄርሜን

ሴንት ኦዲል፣ ሜይን
ጁን 3 ቀን 2009