ለጭስ ማውጫ የከፈትኩት ቀዳዳ

ኅዳር 10

የከሰል ማንደጃውን መኪናዬ ውስጥ ደበቅኩት። አባዬ ዛሬም ጠየቀኝ፣ አልሰጠሁትም። ከሦስት ሳምንት በፊት በሩን ዘግቶ ከሰል ሲሞቅ ራሱን ስቶ ነው ያገኘሁት። ሐኪሙ ጭስ ባለበት እንዳይደርስ አለ። የሰፈራችን የጎሮ ብርድ ደግሞ ለእሱ አይሆንም።

ስለዚህ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያወጣ ምድጃ ሳሎን ግድግዳ ውስጥ ሊገባ ነው። ግድግዳውን የሚከፍቱት ግንበኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው። "ከሚካኤል በኋላ ይሁን" አሉኝ። ነገውኑ ካልሆነ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እኔ መቼ መጠበቅ አውቃለሁ!

ኅዳር 11

ቢሮ አልሄድኩም። ጋሽ ደምሴ እያጉረመረሙ መጡ። ብሎኬቱ አስቸገረ፣ ቤቱ በአቧራ ነጭ ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግድግዳው እስከ ውጭ ተከፈተ። ከላይ ያለውን ብሎኬት የሚሸከመው ተጋዳሚ ኮንክሪት ግን አልገባም። መሸባቸው። በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ደገፉት፣ ከሥራቸውም በእንጨት ሽብልቅ አጠበቁት።

"ነገ ሥራ አልነካም። ቋሚዎቹን እንዳትነኪያቸው" አሉኝ። ሲወጡ ደግሞ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው። ቀዳዳውን በሸራ ጋረድኩት።

ኅዳር 12

ረሳሁት! ይሄ እንዴት ይረሳል? ኅዳር ሲታጠን ነው! ሰፈሩ በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። በየዓመቱ እኔም አቃጥላለሁ። ጭስ እንዲወጣበት ያስከፈትኩት ቀዳዳ ጭስ ያስገባል።

አባዬን መኝታ ቤት አስገብቼ ዘጋሁበት፣ ጭሱ በበሩ ሥር ገባ። ሳሉ አላቋርጥ አለው። ይዤው እንዳልወጣ ውጭው ይብሳል። ቀዳዳውን በፍራሽ ልወትፍ ስሞክር አንደኛውን ቋሚ ገፋሁት። ከላይ ቀጭን ስንጥቅ ወጣ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ጋሽ ደምሴ ስልካቸው ዝግ ነው፣ ቅዳሴ ላይ ናቸው።

ጮኼ ጎረቤታችንን ሰይድን ጠራሁት። ባለሱቅ ነው፣ ግንበኛ አይደለም። እርጥብ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ፣ ግን ስንጥቁን ሲያይ እሱም ቆመ። በዚህ መሃል ጋሽ ደምሴ ደረሱ፣ ስልካቸውን ሲከፍቱ መደወሌን አይተው ነው። ነጠላቸውን እንደለበሱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መዶሻ አልነኩም፣ በአፋቸው ሠሩ።

"ሰይድ፣ ሽብልቁን ከሥር አስገባ… ቀስ… አሁን ምታው!"

"የእርስዎ ሚካኤል ለእኔ ሥራ አመጣ" አለ ሰይድ እየመታ። ቋሚው ጠበቀ። ብርድ ልብሱን ዙሪያውን ወተፍነው። አባዬ ከውስጥ እያሳለ ሲስቅ ሰማሁት፣ ያኔ አለቀስኩ።

ኅዳር 13

ኮንክሪቱ ገባ። ትናንት የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌበት ነበር፣ አላለፈም። የአባዬ ሳል ቀንሷል፣ አልጠፋም።

ጋሽ ደምሴ ሲሚንቶው እስኪጠነክር ምድጃው ሳምንት ይቆያል አሉ። "እሺ" አልኩ።

አባዬ ገርሞት አየኝ። "ብርዱን ሳምንት እችለዋለሁ" አለ፣ "አንቺ ነሽ እንጂ የማትችይው።"

ጋቢ ደረብኩለት። እችላለሁ አላልኩትም።