ናታን ይጀምር

ሰኞ

አላስገባም! ልጆቼን ስኩል አላስገባም ብያለሁ፣ አላስገባም። ለእትዬ ሙሉ ግን እንዲህ አላልኳቸውም። የባሌ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከከተማው ማዶ ከቶርንተን ድረስ ሙዝና ዳይፐር ጭነው መጥተዋል። «እሺ እትዬ፣ እናስብበታለን» ብዬ ሻይ ቀዳሁላቸው። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን እንደ ልቤ ልናገር።

ሲገቡ ክላስ ላይ ነበርን። ክላሳችን የምግብ ጠረጴዛው ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ሊዲያ ከአልጀብራዋ ጋር ትጣላለች፣ የዘጠኝ ዓመቱ ናታን ካርታ ያቀልማል፣ ኤልዳና ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፊደል ትቆጥራለች፣ ትንሹ ዮናስ ከሥር ገብቶ ክሬዮን ይበላል። ሰማያዊውን ይመርጣል። እትዬ ሙሉ ቆመው አዩንና «ልጆቹን እንደ ዶሮ ቆልፈሽ ልታሳድጊ ነው? ከሰው የሚለምዱት መቼ ነው?» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ሲደባደቡና ሲታረቁ የሚውሉ አራት ልጆች ከዚህ በላይ ምን ይልመዱ?

እራት ላይ ደግሞ ባሌ ተስፋዬ ተራውን ያዘ። እኛ ባለንበት የአሜሪካ ግዛት በቤቱ የሚማር ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ይመዘናል፤ ናታን ዘንድሮ ደረሰ። ዓርብ ሎውሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ዘንድ ቀጠሮ አለን። «ካለፈ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም» አለ ባሌ፣ «ካልሆነ ግን በኦገስት ሁሉም ስኩል ይገባሉ።» እጁን ዘረጋ። መታሁለት። ምን ፈርቼ? የድሮ ስኩሉ «ልጁ ዘገምተኛ ነው፣ ለብቻው ክፍል ይግባ» ሲለኝ ነው እጁን ይዤ የወጣሁት። አሁን ንባብ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው።

ማክሰኞ

ወይ ጉዴ።

ከላይ ልጀምር። የንባብ ሥርዓታችን የየኔታ ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ካሉ የኔታ ዘንድ ነው ፊደል የቆጠርኩት፤ የጴንጤ ልጅ መሆኔን እያወቁ ተቀበሉኝ። ትልቁ ይላል፣ ትንሹ ይከተላል፣ ሁሉም ጮክ ብሎ። እኔም ቤቴ ያንኑ አደረግኩ። ጠዋት ጠዋት ከእንግሊዝኛው የልጆች መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሊዲያ አንድ ገጽ ታነባለች፣ ናታን ያንኑ ገጽ ይደግማል። ሳይደናቀፍ! እኔም እያዳመጥኩ ድስቴን አማስላለሁ።

ዛሬ ተስፋዬ ሊዲያን ጥርስ ሐኪም ወሰዳት። «ናታን፣ አንተ ጀምር» አልኩ።

መጽሐፉን ወደ ሊዲያ ወንበር ገፋው።

«ሊዲያ ትምጣ» አለ። «ሊዲያ የለችም፣ ጀምር።» ሥዕሉን አየ። ጀልባ ነበረበት። ከዚያ ጀመረ፤ ማዕበል ተነሣ፣ ሰዎቹ ጮኹ፣ ውሃው ገባባቸው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ገጹ ላይ ግን የለም። ገጹ የሚያወራው መረብ ስለሚያጥቡ ሰዎች ነው።

ደሜ ፈላ። «ታታልለኛለህ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ፣ በእንግሊዝኛው እየተንተባተበ የመለሰልኝ እንዲህ ነው፦ «ማሚ፣ ሊዲያ ትላለች፣ ከዚያ እኔ እላለሁ። ንባብ እሱ አይደለም እንዴ?»

ባኞ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ልጁ አልዋሸም። እኔው ነኝ እንደዚያ ያስተማርኩት። ተከተል አልኩት፣ ተከተለ።

ፊቴን ስታጠብ ግን ሌላ ነገር መጣልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ ሙሉ ገጽ በቃሉ የሚይዝ ልጅ ነው ዘገምተኛ የተባለው? ቸርች ውስጥ ጥቅስ በቃል በማለት የሚበልጠው የለም! እንዲያውም አሁን ነው እልህ የያዘኝ። ለተስፋዬ ዛሬ አልነግረውም።

ረቡዕ

የኔታ እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ያውቁት ነበር። አፉ «ሀ ሁ» ይላል፣ ዓይኑ ዛፍ ላይ ያለች ወፍ ያያል። መድኃኒታቸው ቀዳዳ ነበር። ወረቀት ይበሱና ፊደሉ ላይ ያሳርፋሉ፣ አንዷ ብቻ ትታያለች፣ «ይህቺ ማን ናት?» ይላሉ። ዜማው አያድንህም።

የሴሪያል ካርቶን ቆረጥኩ፣ አንድ ቃል የሚያሳይ ቀዳዳ አወጣሁለት። ናታን ፊደሎቹን ያውቃል፣ ድምፃቸውንም ያውቃል። ዓይኑ ግን ሮጦ መገመት ይፈልጋል፣ ቀዳዳው አያስገምትም። እስከ ምሳ ግማሽ ገጽ አነበብን፤ ሁለታችንም እንጨት ስንፈልጥ የዋልን ነው የምንመስለው። ኤልዳና «ለእኔስ?» ብላ አለቀሰች፣ ሠራሁላት። እሱን ዮናስ በላው።

ይህን ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ሊዲያን ጠየቅኳት። «የምታውቂ መስሎኝ ነበር» አለችኝ ትከሻዋን ሰብቃ። እሰይ! ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ አስተማሪዋ ብቻ አታውቅም። አዲስ ሕግ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ናታን ይጀምራል፣ ሊዲያ ትከተላለች።

ለተስፋዬ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። «ቀጠሮውን እናራዝመው?» አለኝ። ይኼ ደግነቱ ነው የሚያናድደኝ። አላራዝምም! እጅ መትቻለሁ።

ሐሙስ

በረዶ። ማንም አልወጣም። ናታን በካርቶኑ ያነበባቸው፦ የወተት ቆርቆሮ፣ ሻምፖ፣ የዳይፐር ከረጢት፣ የአባቱ የሳል ሽሮፕ (ግማሹ ለእኔም አልተነበበልኝ)።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ልናጥብ ወደ ሕንፃው ላውንድሪ ወረድን። ማሽኑን ስሞላ ግድግዳው ላይ ያለ ማስታወቂያ ፊት ተገትሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ድንገት በሳቅ ፈረሰ። «ማሚ! ልጆች ማሽኑ ላይ አይቀመጡ ይላል!» ዞር ስል ዮናስ ማሽኑ ላይ፣ ኤልዳና ማሽኑ ላይ። ስንት ጊዜ ወርደን ማንም ያላነበበልንን ነገር እሱ ነገረን። ሳምኩት፣ ጮኸ፣ ደግሜ ሳምኩት።

እትዬ ሙሉ ደወሉ። እሁድ ቸርች የልጆች ፕሮግራም ነው፣ ናታን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ረጅም መዝሙር በቃሉ ይላል፣ ጓደኞቻቸውን ሁሉ ጠርተዋል። «እንኳንም እሱ አለን፣ ያኮራናል» አሉ። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ «እሺ እትዬ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።

ዓርብ

ሎውሪ ሄድን። ሴትዮዋ ነጭ ፀጉር፣ ጥሩ ሹራብ፣ የሚያንኮራፋ ውሻ አላቸው። ናታን አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ ሰጡት። እኔ ጥግ ተቀምጬ የሻርፔን ጫፍ እነክሳለሁ።

ከኪሱ ካርቶኑን አወጣ! ዘይት የነካው፣ ነብር የተሳለበት የሴሪያል ካርቶን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ። ሴትዮዋ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉ። ራሱ አስረዳቸው። «እንዳልገምት ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተጠቀምበት አሉት።

አነበበ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ዛሬ እንቁላሉ ገና ሊቆም ሲንገዳገድ ነው ያየሁት። አንድ ቃል እምቢ አለው፣ ተመለሰበት፣ ደግሞ እምቢ አለው፣ እንደገና ተመለሰበት። ያዘው። ከዚያ ሴትዮዋ ታሪኩን ጠየቁት፣ አንዲት ሳትቀረው ነገራቸው። «በዝግታ ነው የሚያነበው፤ ያነበበውን ግን ተረድቶታል» አሉኝ። አለፈ ወይ ስላቸው ሰኞ በጽሑፍ እልክልሻለሁ ብለው ፈገግ አሉ። አሜሪካኖች ሲያባርሩሽም ፈገግ ይላሉ፣ ምኑን ልወቅ?

እሁድ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ናታንን ጠሩት፣ መድረክ ላይ ወጣ። መዝሙሩን በቃሉ ያውቀዋል፣ ተኝቶም ይለዋል። እሱ ግን የልጆች አገልጋይዋን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተቀበላትና «የትኛውን ገጽ ላንብብ?» አላት። ሳቀች፣ እንደመጣላት አንዱን ገለጠችለት። ካርቶኑን አወጣ።

ጀመረ። አንድ ቃል። ዝምታ። አንድ ቃል። አዳራሹ መንጫጫት ጀመረ። ከኋላዬ አንዷ «ጠፋበት መሰለኝ፣ ውይ የኔ ልጅ» አለች። እትዬ ሙሉ አንገታቸውን ደፉ። ሰዉ አዘነለትና ሊገላግለው ማጨብጨብ ጀመረ፣ መላው አዳራሽ አጨበጨበ። ናታን እጁን አነሣ።

«አልጨረስኩም» አለ። በአማርኛ።

ጭብጨባው ቆመ። ጨረሰው። እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ በላብ ጨረሰው። እኔ ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም፣ ብቻዬን ቆሜ እልል አልኩ። ማንም አልተከተለኝም። ኋላ ከጎኔ ተስፋዬ ተነሣ። ስታዲየም ያለ ይመስል አፏጨ፣ ያውም ቸርች ውስጥ!

ፓርኪንጉ ላይ እትዬ ሙሉ ክንዴን ያዙኝ። «ልጁን ምን አደረግሽው? ድሮ እንደ ውሃ ነበር የሚለው!»

«አሁን ማንበብ ጀመረ፣ እትዬ» አልኳቸው።

መኪና ውስጥ ተስፋዬ ሞተሩን ሳያስነሣ እንደ ሰኞው እጁን ዘረጋልኝ። «የነገው ወረቀት ምንም ይበል፣» አለ፣ «አላለፈም ካለም ስኩል ከማለታችን በፊት ምን ይደረግ ብለን አብረን እንጠይቃለን። እኔ ካንቺ ጋር ነኝ።» መታሁለት፣ ከዚያ አልለቀቅኩትም። ከኋላ ወንበር ናታን የመንገዱን ምልክት ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ራስ ምታት ሰጠን።

ወረቀቱ ምን እንደሚል አላውቅም። ወረቀቱ እስኪመጣ ግን ነገ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ነን፣ ናታን ይጀምራል።