ያለቀለቁልኝ ጠርሙስ

ሰኞ

ልምድ የሌለው ሰው ልምዱን ከየት ያምጣ? ይህን ያልጠየቀ የዘንድሮ ተመራቂ ካለ አባቱ የራሱ መሥሪያ ቤት አለው ማለት ነው። የቅጥር ማስታወቂያው ሁሉ «አዲስ ተመራቂ፣ የምርምር ልምድ ያለው» ይላል። አሁን ከምድጃ የወጣ የትናንት ዳቦ እንደ መፈለግ ነው።

ስለዚህ ዶክተሩ ለምንጭ ውሃ ጥናታቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች እንደሚፈልጉ ዲፓርትመንቱ በር ላይ ተለጥፎ ሳይ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። ዶክተሩን አላገኘሁም። ማንም አያገኛቸውም። ያገኘሁት ብሩክን ነው፤ የእሳቸው የማስተርስ ተማሪ፣ ረዳት፣ በር ጠባቂ። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ «እሺ የኔ እህት፣ የሪሰርች ልምድ አለሽ?» አለኝ።

«እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«እንደሱማ ሁሉም ይላል።»

ተቀበለኝ። ለምን እንደተቀበለኝ የገባኝ በኋላ ነው፤ ከእኔና ከናሆም ሌላ የተመዘገበ ሰው የለም። ናሆም የክፍሌ ልጅ ነው። ብሩክ ቀልዱን ሳይጨርስ የሚስቅለት ዓይነት።

ግድ የለኝም። ሥራው ሲያልቅ ዶክተሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ያቺን ደብዳቤ ይዤ ለማስተርስ አመለክታለሁ። የምፈልገው እሷን ብቻ ነው።

(ሊዲያ፣ ይህን እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ትራስ ሥር አስቀምጬው ፍራሽ ሥር አገኘሁት። ሁለተኛ ዓመት ደርሰሽ የታላቅ እህትሽን ማስታወሻ መስረቅ አያሳፍርሽም?)

ማክሰኞ

ዛሬ ያካበትኩት የምርምር ልምድ፦ ጠርሙስ አጠብኩ። ጠርሙስ አደረቅኩ። ለብሩክ ማኪያቶ አመጣሁ። «ጠቆር ያለ ነበር ያልኩሽ» ብሎ መለሰው። ጠቆር ያለ አመጣሁ። ሌላ ጠርሙስ አጠብኩ።

የውሃ አቀዳዱን መመሪያ ለብሩክ ብሰጠው መልሶ ወረወረልኝ። «አንብቢውና በአጭሩ ንገሪኝ» አለ። ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቶ! አነበብኩት። ጠርሙሱ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ አንድም ተህዋስ ሳይቀርበት ይከደናል። የሚከፈተው ምንጩ አፍ ላይ ነው፤ ተሞልቶ ወዲያው ይዘጋል። እጅ አይገባበትም። አይለቀለቅም። ነገርኩት። «ያው የሚታወቅ ነው» አለኝ።

ናሆም ነጭ ጋዎን ለብሶ ማይክሮስኮፕ አጠገብ ፎቶ ተነስቶ ለጠፈ። «ሳይንስ ሕይወቴ ነው» የሚል ጽሑፍ አክሎበታል። ጋዎኑ የኔ ነው። ማይክሮስኮፑ ደግሞ ከተበላሸ ከርሟል።

ማታ እማዬ እጄ መሻከሩን አይታ፣ «ምን ሆነሽ ነው?» አለች። ነገርኳት። «እቤት አንድ ብርጭቆ ሳታጥቢ! እኔ ምርምሬን እዚህ ብከፍትልሽስ?»

ሊዲያ ከት ብላ ሳቀች። ሳቂ፣ ተራሽ ይደርሳል።

ረቡዕ

የመስክ ቀን። ከመገናኛ ተነስተን ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ አስፋልቱ እስኪያልቅ በመኪና ወጣን። አስፋልቱ ሲያልቅ የብሩክም ምርምር አብሮ አለቀ። «ጉልበቴን ያመኛል። እናንተ ወጣቶች ናችሁ» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘረጋው። በዕድሜ ቢበልጠን በሁለት ዓመት ነው።

ናሆም ወደ ታችኛው ምንጭ ሄደ። እኔ የበረዶ ሳጥኔን ተሸክሜ በባሕር ዛፉ መሀል ወደ ላይኛው ወጣሁ። ዳገቱ ልብ ያፈርሳል። ግን ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። በአራት ዓመት ውስጥ መጽሐፍ ላይ ያየሁትን ነገር በእጄ ልነካ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

የላይኛው ምንጭ ወረፋ አለው። ሰፈሩ የቧንቧ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ይዘለላል። ቢጫ ጀሪካን እስከ መታጠፊያው ተሰልፏል። ከኋላ ልቆም ስል የወረፋው አለቃ የሚመስሉ እናት አዩኝ። ሁሉም እማማ ጫልቱ ይሏቸዋል።

«ለጥናት ነው? አሳልፏት፣ ተማሪ ናት!»

«እኛስ የምን ተማሪ ነን? የጀሪካን?» አለች አንዷ። ግን አሳለፉኝ።

ክዳኑን ከፍቼ ጎንበስ አልኩ።

«ሳታለቀልቂ?» አሉ እማማ ጫልቱ።

«አይለቀለቅም እማማ፣ ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕም ይለቀለቃል። እናትሽ አላስተማረችሽም?» ወረፋው በሙሉ ሳቀብኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጠርሙሱንም ከእጄ ወሰዱት። ጣታቸውን አስገብተው አሹት። አለቀለቁት፣ ደፉት፣ ደግመው አለቀለቁት። ሞሉትና አፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። «እንኪ። አሁን ለሰው ይሰጣል።»

ምን እላለሁ? ከስንቱ ጀሪካን አስቀድመውኛል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ሌላ ጠርሙስ አልያዝኩም። መጠባበቂያዎቹን ያምጣ የተባለው ብሩክ ላብራቶሪ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ረስቷቸዋል።

መኪናው ጋ ስደርስ ሁሉንም ነገርኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «በነጠላ መጠረጉን የሚያውቅ ማነው? አንቺና እኔ። እኔ ደግሞ አልሰማሁም» አለኝ።

ናቅኩት። ግን ሳጥኔን ጭኜ ገባሁ።

ሐሙስ

ውሃው የተህዋስ ማብቀያ ምግብ ባለበት የላብራቶሪ ሳህን ላይ ፈስሶ አድሯል። ከሰዓት ሳህኖቹን አወጣን። ውሃ ውስጥ ተህዋስ ካለ ነጠብጣብ ሆኖ ይበቅላል። የናሆም ሳህን ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት አለ። የኔ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ፊት ይመስላል።

ብሩክ ጨፈረ። እውነት እላለሁ፣ እጁን አጨብጭቦ ጨፈረ። «ይሄ ነው ውጤት! ንጹሕ ውሃ ማን ያትምልሃል?» ናሆም «ታሪክ ሠራን» አለ። ማን ከማን ጋር?

ብሩክ ወዲያው ተቀምጦ ለዶክተሩ አጭር ሪፖርት ጻፈ። የላይኛው ምንጭ እጅግ ተበክሏል፤ ወረዳው እንዲያጥረውና እንዲዘጋው ይመከራል።

ሳህኑ ላይ የበቀለው የምንጩ ነው ወይስ የእማማ ጫልቱ ጣትና ነጠላ? አላውቅም። ብሩክም አያውቅም። ምናልባት ምንጩ እውነትም ቆሽሿል፤ ያኔ ሊነገራቸው ይገባል። ምናልባት ደግሞ ንጹሕ ነው፣ እኛም ሄደን የሰው ውሃ ልናዘጋ ነው። እኛ ሲግናል ሰፈር ያለነው ፈረቃ ሲቀር በርሜል አለን። እነሱ ያላቸው ያ ምንጭ ነው። ከወረፋቸው ያስቀደሙኝ ለዚህ ነው?

«ይህ ውጤት አይላክም። እንደገና ይቀዳ» አልኩት።

«ስሚ፣ የድጋፍ ደብዳቤውን የሚያረቀው ማን ይመስልሻል? ዶክተሩ የሚፈርሙት እኔ የጻፍኩትን ነው።»

ይህን ሲል ፈገግ ብሏል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነገ አስተማሪ ይሆናል፤ ሊዲያንም ያስተምራታል።

ራት አልበላሁም። እማዬ «ጠርሙስ ሰበርሽ?» አለችኝ። ምነው በሰበርኩት።

ዓርብ

ዶክተሩ በአካል ታዩ። ካሰብኳቸው ያጥራሉ። የቸኮሉ ናቸው፤ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም።

ብሩክ በስክሪን አቀረበ። የመጀመሪያው ምስል ናሆም ነው፤ በኔ ጋዎን። ከዚያ ኩፍኝ ያለበት ሳህን። «በመስክ በነበርንበት ወቅት እንደታዘብነው» እያለ። የታዘበው የመኪናውን ጣሪያ ነው!

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ሥራ ነው። ለወረዳው እንላከዋ?»

ደብዳቤዋ በዓይኔ ዞረች፤ ከነማኅተሟ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ ጠርሙስ ተለቅልቋል።»

«እሷ ማለት የፈለገችው...» አለ ብሩክ።

«ማለት የፈለግኩትን ብያለሁ።» ጣቱንም፣ ነጠላውንም፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ናሆም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ በትንሽ ድምፅ፣ «እኔም አለቅልቄያለሁ» አለ። ማንም ሳያዘው! ጠርሙስ ይዞ ምንጭ ጋ ሲደርስ እጁ ራሱ አለቀለቀ። አላስቻለኝም፣ ሳቅኩ።

«መጠባበቂያ ጠርሙሶቹስ?» አሉ ዶክተሩ ወደ ብሩክ ዞረው።

«ላብራቶሪ ናቸው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

ብሩክ ጉልበቱን አሸ።

ዶክተሩ ሪፖርቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ይቆጣሉ ስል፣ ያመሰግናሉ ስል፣ ሰዓታቸውን አዩ። «እስኪደገም የሚላክ የለም። አንቺ ነገ ጠዋት እንደገና ቅጂ። ከሁለቱም። እኔ ስብሰባ አለብኝ፤ መኪናም የለም።» ወጡ። በቃ። ስሜን እንኳ አልጠየቁም። ታላቁ ተመራማሪ!

ኮሪደሩ ላይ ብሩክ በጆሮዬ፣ «ደብዳቤሽን ከምንጩ ቅጂው» አለኝ። ናሆም ነገ የቤተሰብ ፕሮግራም አለበት። ፕሮግራሙ የተገኘው ዛሬ ከሰዓት ነው።

ደብዳቤዋ ትምጣ አትምጣ አላውቅም። የነገው ሳህን ደግሞ ያው ኩፍኝ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወጥቼ ለእማማ ጫልቱ የምናገረው እኔ ነኝ። ግን ሪፖርቱ ያለው ዶክተሩ ኪስ ውስጥ ነው። ምንጩ ዛሬ ክፍት ነው። ራቴንም በላሁ፤ የሊዲያን ድርሻ ጨምሬ።

አንድ ዘዴ አስቤያለሁ። እማማ ጫልቱን «አይለቀለቅም» ማለት አይቻልም፤ ሳያለቀልቅ የሚቀዳ የሰው ልጅ ያለ አይመስላቸውም። ስለዚህ ተራ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዤ እወጣለሁ። እሱን እስኪበቃቸው ያለቅልቁ፣ በነጠላም ይጥረጉ፣ አመስግነን እንጠጣዋለን። በዚያ መሀል የተቀቀለውን ቀስ ብዬ ከፍቼ ሞልቼ እዘጋለሁ። ለምን እንደሆነም ቁጭ ብዬ አስረዳቸዋለሁ። ብቻ ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ሊዲያ፣ ባለፈው «ልምድ ከየት ይመጣል?» ብለሽ ስትነጫነጪ ነበር። ይሄው መጣልሽ፤ ክፍያ የለውም፣ ዳገት አለው፣ የታክሲውን እኔ እችላለሁ። የምትለቀለቀዋን ጠርሙስ ትይዥልኛለሽ? እስክሪብቶውን ገጹ መሀል ትቼዋለሁ። መልስሽን እዚሁ ከታች ጻፊልኝ።