በሳልኩት መስኮት ሀብታም ስለመባሌ

ለተከበሩ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትና «ከምሳ በኋላ ተመለሱ» የሚለው ወረቀት ለማይለየው የቢሮዎ በር ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። እኔ የሥዕል ክፍል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አምስት ጊዜ መጥቼ አምስቱንም ጊዜ ምሳ ላይ ስለነበሩ፣ ፊቴን ባያውቁት አልቀየምም። ደብዳቤዬን በአደባባይ የምጽፈው የነፃ ትምህርት ማመልከቻዬ ውድቅ ስለተደረገና የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ክፍያ እስከ ዓርብ ካላስገባሁ ስሜ ከመዝገብ ስለሚሰረዝ ነው። ክፍልዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አቅርቤያለሁ።

፩. ስለ አሥራ አራት ገጹ ቅጽ አመሰግናለሁ። ገጽ ሰባት ላይ የችግሬን ምክንያት በሃምሳ ቃላት እንዳብራራ በትሕትና ተጠይቄያለሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ይህን ስትሰማ «ገንዘብ የለም» ብለህ ጻፍና አርባ ስምንቱን ቃል መልስላቸው አለችኝ። እኔ ግን ደንብ አክባሪ ስለሆንኩ ሃምሳውንም ሞላሁ።

፪. ቅጹ «የመኖሪያ ቤቱን ሁኔታ የሚያሳይ ምስል» ይላል እንጂ ፎቶግራፍ አይልም። የስልኬ ካሜራ ከተሰበረ ሰንብቷል፤ ምስል ሲሉኝ ደግሞ እጄ የሚሄደው ወደ ብሩሽ ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አምናለሁ። በዚያው ሳምንት መምህራችን ብርሃን የሌለው ክፍል ሥዕል አይወጣውም ብለውን ስለነበር፣ ከጎረቤት ግንብ ጋር በተጣበቀው ግድግዳችን ላይ በብሩሼ አንድ ሰፊ መስኮት ከፈትኩ። ፀሐይ ገባች። የአክስቴ የስፌት መኪና አበራ፤ እግሩ በሽቦ የታሰረው የፕላስቲክ ወንበራችን እንኳ የደህና ሰው ቤት ዕቃ መሰለ። አልዋሽዎትም፣ በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

የተከበረው ኮሚቴዎም ሥዕሉን አይቶ «አመልካቹ ሰፊና ብርሃናማ ቤት የሚኖር በመሆኑ ድጋፍ አያስፈልገውም» ሲል ወሰነ። ዕድሜ ልካችንን በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተን የኖርን ሰዎች በአንድ ቱቦ ቢጫ ቀለም ባለጸጋ ሆንን። ቢጫው ራሱ በዱቤ የተወሰደ ነው።

፫. ይግባኝ ስል ቤቱን እንዳለ፣ ጨለማውንም ሳልቀንስ ሳልኩት። ኮሚቴው ሁለተኛው ማስረጃ ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል ብሎ መለሰልኝ። መጥታችሁ እዩት ብዬ ብለምን ክፍሉ ለጉብኝት የተመደበ መኪና እንደሌለው ተነገረኝ። ቤታችን ከግቢው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ አምስት ጊዜ ስመላለስ ለክቼዋለሁ።

፬. ዕዳን በብልሃት ስለ መያዝ ለሰጣችሁን የግማሽ ቀን ሥልጠና ከልቤ አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ገቢያችንን ለሦስት እንድንከፍልና አንዱን እጅ እንድናስቀምጥ መክረውናል። የሚከፈለውን ነገር እስካገኝ ድረስ ዕዳዬን በራሴ ብልሃት ይዣለሁ፤ ቀለም ሻጩ በአንዱ መንገድ ሲመጣ እኔ በሌላው እሄዳለሁ። ይህንንም መንገድ የሚያሳጥር ምክር ካላችሁ አልጠላም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። አክስቴ ክፍያዬን ለመሸፈን የስፌት መኪናዋን አስይዛ ልትበደር ነው። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ መኪናውን በዘይት ስትወለውለው አየሁ። በሥራ ላይ ያለ መኪና እንደዚያ አይወለወልም፤ ለአበዳሪ የሚታይ ዕቃ ነው እንደዚያ የሚወለወል። ያ መኪና ከሄደ የምንበላው አይኖርም፤ እሱ ከቀረ ደግሞ ትምህርቴ ይቀራል። ፈርቻለሁ፣ አፍሬያለሁም። እስከ ዓርብ ድረስ ውሳኔውን ደግመው እንዲያዩልኝ እለምንዎታለሁ፤ ከምሳ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ለእርስዎ በተመቸ ሰዓት።

ለሚሰጡኝ መልስ ወይም እንደተለመደው ለማይሰጡኝ መልስ በቅድሚያ እጅ እየነሳሁ፣

በኮሚቴዎ ቸርነት ሳያውቅ የበለጸገው፣
በኮሪደርዎ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚገኘው ታዛዥ ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ የጽዳት ሠራተኛዋ ቢሮዎን ከፍተው ሲያጸዱ፣ ያ ባለ መስኮቱ ሥዕሌ ከወንበርዎ ጀርባ ተሰቅሎ አየሁት፤ ትልቅ ክብር ተሰምቶኛል። ነገር ግን የግቢው ደንብ በግድግዳ የሚሰቀለው የተማሪ ሥራ ብቻ ነው ስለሚል፣ ዓርብ ስሜ ከተሰረዘ ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ አወርደዋለሁ። ሠራተኛዋ እንዳጫወቱኝ ሥዕሉ የተሰቀለው እርጥበት ልጦ የጣለውን ግድግዳ እንዲሸፍን ነው። እንግዲህ ለማሳደሻ በጀት ማመልከትዎ አይቀርም፤ ከደረሰብኝ ተነስቼ አንድ ነገር ልምከርዎ፦ ግድግዳውን ፎቶ ያስነሱት እንጂ ለሥዕል ተማሪ እንዳይሰጡት።