ሞደሟና የአባትህ ደብተር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ የኔ ጌታ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይነዘንዘኝም፣ ሐሳብ አይግባህ። ይህን የምጽፍልህ ትተህልኝ በሄድከው ኮምፒውተር ነው፤ የሚደርስህም በገዛ ቤታችን ኢንተርኔት ነው። አዎ፣ በቤታችን!

ባለፈው ወር አባትህ ሞደም ገዝቶ መጣ፤ ያቺን ከኮምፒውተሩ ጎን የምትሰካዋን። "ላንቺ ብዬ ነው እንጂ ለኔ ምን ትሠራልኛለች" አለኝ። ብንሰካት፣ ብንነቅላት፣ ወይ ፍንክች! አባትህ ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር የጠገነ ሰው አይደል፣ "ጥፋቱ ከመስመሩ ነው" ብሎ በረጅም ገመድ ቀጠላትና በመስኮት አንጠለጠላት። ሦስት ቀን እዚያው ሰነበተች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ "ደግሞ ምን ልታጠምዱ ነው?" ብላ ሳቀችብን።

ሲብስብን ኮምፒውተሩን ይዘን ሱቁ ሄድን። ሻጩ ከፍቶ አየና "ይሄማ የተጫነበት ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚባለው ነው፣ ሞደሟ አትሠራበትም። ያለውን አጥፍቼ ዊንዶውስ ልጫንላችሁ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም" አለን። እኔማ እሺ ልል ነበር። አባትህ ግን ኮምፒውተሩን ከባንኮኒው ላይ አፈፍ አድርጎ "ልጄ የጫነውን ማንም አይነካብኝም!" አለ። እሱ ለምኖ ያስገባህን የስልክ ሥራ ትተህ ከሄድክ ወዲህ ሲጠራህ "ልጅሽ" ነበር የሚለኝ። ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኢንተርኔት ቤት እየሄደ፣ ሌሎች ሰዎች እንዴት እንዳሠሯት እያነበበ፣ ትእዛዙን በደብተሩ እየገለበጠ ይመጣ ጀመር። አንዲት ዜሮ ዘሎ ኖሮ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ኩርፊያው ለኔ ተረፈ። ለካ ሞደሟ ስትሰካ "እኔ ዲስክ ነኝ" እያለች ነው የምትገባው! ውስጧ የዊንዶውስ ፕሮግራም ተቀምጧል። ዲስክነትሽን ተይና ሞደም ሁኚ ብሎ በትእዛዝ ማስገደድ ያስፈልጋል። ትናንት ከደብተሩ እያየ በአንድ ጣቱ ጻፈ፣ ሰማያዊዋ መብራት ቦግ አለች። አባትህም ድሮ መስመር ጠግኖ ሲጨርስ እንደሚለው "ይሰማል?" ብሎ ጮኸ። ማንም አልነበረም የሚሰማው፣ ከኔ በቀር።

አሁን ከኋላዬ ቆሞ "ስለ ሞደሟ ብቻ ጻፊለት" ይለኛል። እኔም ስለ ሞደሟ ብቻ ነው የጻፍኩት። እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በምስል ደውልልን። "መስመሩን ልፈትሽ ነው እንጂ ሌላ ጉዳይ የለኝም" ብሏል። ነጩን ሸሚዙን ግን ከአሁኑ ተኩሶ ሰቅሎታል።

ክፉ አይንካህ፣ እጅህ የያዘው ሁሉ ይቅናልህ።

እናትህ

አባትህ ተነሺልኝ አንድ ነገር ልጻፍ አለኝ፤ ይኸው ለቀቅኩለት፦

ይሰማል?
አባትህ