አባባ በፊት ለፊት በር ሲመጡ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13፣ 2014

ደብተሯን አነበብኩት። ለሰው መናገር አልችልም፤ ለወረቀት ልናገር።

የታጠበ ልብሷን ላስቀምጥ ገብቼ ትራሷ ሥር አገኘሁት። አንድ ገጽ ብቻ ብዬ ነበር። የልጄ የሊዲያ እንግሊዝኛ ፈጣን፣ የእኔ ንባብ ኤሊ፤ እንደዚያም ሆኖ አራት ገጽ ጨረስኩ። ምሳ ሰዓት ሽንት ቤት ገብታ እንደምታለቅስ ጽፋለች። ጓደኛዋ ከነቤተሰቧ ወደ ሴንቴኒያል ከተማ ቤት ቀይራ ከሄደች ወዲህ ካፍቴሪያ ውስጥ አብሯት የሚቀመጥ የለም። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ በየቀኑ «ትምህርት እንዴት ነበር?» እላለሁ፣ እሷ «ጉድ» ትላለች፣ እኔም አምኜ እራት አቀርባለሁ።

እንዳልነካሁት አድርጌ መለስኩት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ምነው አፌን በቆረጠው! ጠዋት ጫማዋን ስታስር «ምሳ ሰዓት ሽንት ቤት አትደበቂ፣ ሄደሽ ከልጆቹ ጋር ተቀመጪ እንጂ» አልኳት። ምክር መስጠቴ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ማሚ፣ አነበብሽው?»

«እናትሽ አይደለሁ?» አልኩ። መልስ መሆኑ ነው! በሩን እንኳ አላጋጨችውም። ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር።

እንግልውድ፣ የምሠራበት መጦሪያ ቤት፣ አረጋውያኑን ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ መድኃኒት ሳስውጥ ዋልኩ። አለቃዬ ፊቴን አይታ «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። ከዚህ ሌላ ለሰው መናገር ያቆምኩት መቼ ነው?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ደሴ፣ እኔም አስራ ስድስት ዓመቴ።

እኔም ደብተር ነበረኝ። ክፍል ውስጥ ከፊቴ ስለሚቀመጥ አንድ ልጅ እጽፍ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላናገርኩትም። አባባ አገኙት። እሁድ አጎቶቼ ተሰብስበው፣ እኔ የእጅ ማስታጠቢያ ይዤ ቆሜ፣ ጮክ ብለው አነበቡት። አጎቶቼ ሳቁ። አባባ አልሳቁም፤ ማንበባቸውን ግን አላቆሙም።

ከዚያ ወዲያ እስከዚህ ሰኞ ድረስ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እናቴን ቀበርኩ፤ ለሁሉም «ደህና ነኝ»። ባለቤቴ ትራክ ነጂ ነው፤ ከመንገድ እየደወለ «አንቺ ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ አይከፋሽም?» ይለኛል።

አሁን እኔው አባባን ሆኜ አረፍኩት። የጎደሉት አጎቶቼ ብቻ ናቸው።

አባባም እዚሁ ናቸው። ከአገር ከመጡ ሁለት ዓመታቸው፤ ምድር ቤት ዜና ያያሉ። ስለዚያ እሁድ አንስተን አናውቅም።

እራቱን ሊዲያ ክፍል ድረስ ወሰድኩ። ሳህኗ እንደሄደ ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ከሥራ ስወጣ ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋይ ደወሉ። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ዴንቨር ውስጥ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ የአባባ የዳማ ጓደኛ።

«አስቴር፣ ነገ ማታ ቤት ትኖሪያለሽ? በሊዲያ ጉዳይ ለሽምግልና እንመጣለን» ብለው ዘጉት።

ሽምግልና? በአስራ ስድስት ዓመቷ? ማነው ልጁ? የማን ልጅ ነው? ይህን እያሰላሰልኩ ስነዳ ከአውራ ጎዳናው የምወጣበትን አልፌ ሄድኩ። ቤት ስደርስ የሊዲያ በር ዝግ ነው። ለመጠየቅ ድፍረቱ ከየት ይምጣ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

የፊት ለፊት በሩ ደወል ጮኸ። ብከፍት አባባ! ጠዋት ሻይ ያቀረብኩላቸው አባባ፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ከጋሽ ተስፋይ ጎን። በጋራዡ ወጥተው ቤቱን ዞረው ነው የመጡት።

«ቁልፍ ረሱ እንዴ?»

«ዛሬ አባትሽ አይደለሁም። ሽማግሌ ነኝ።»

ሶፋውን ባሳይ እምቢ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተስፋይ። «የላከችን ሊዲያ ናት። ከእናቴ ጋር አስታርቁኝ ብላ።»

ጋብቻ መስሎኝ እንደነበር ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በተማረችው አማርኛ ትምህርት ላይ የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይልካል ሲባል ሰምታለች። «ሽማግሌ የሚልከው አጥፊ ነው እንጂ ተበዳይ ሲልክ አይቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ ተስፋይ። «ገልብጣዋለች። ግን እንዴት ብለን እንመልሳት?»

አፈርኩ። እሷ የላከችው እኔ ስላልላክሁ ነው።

«ምን አጠፋሽ?» አሉ አባባ።

«ደብተሯን አነበብኩ።»

ነጠላቸውን ያስተካክሉ ጀመር። ብዙ አስተካከሉ። «እኔም አንብቤአለሁ» አሉ፣ ምንጣፉን እያዩ። «የዚህችን። ሰው ፊት።»

ረስተውታል ብዬ ነበር። ለካ አልረሱትም!

«አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ ደብዳቤያችን ተከፍቶ፣ ተነቦ ነበር የሚሰጠን። ልጅ የተዘጋ ነገር ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ምክንያት አይሆንም» አሉ።

«እንግዲህ ዛሬ ማን ማንን ሊሸመግል ነው?» አሉ ጋሽ ተስፋይ።

እንባዬን ጠርጌ፣ «አሁን የምልካችሁ እኔ ነኝ። ፎቅ ውጡና ይቅርታ ጠይቁልኝ» አልኳቸው። አባባ በዚያ ጉልበታቸው የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ወጡ። ሊዲያ ተከትላቸው ወረደች።

«ሶሪ፣ ማሚ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ አቀፍኳት። ስለ ምሳው አልጠየቅኳትም።

«ካሳ ጠይቂ፣ ደንብ ነው» አሏት አባባ። «ላስብበት» አለች። ያኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

አባባን እኔ ይቅር ብያለሁ? እንጃ። ዛሬ ግን ሻያቸውን ስሰጥ እጄ ቀለለኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ካሳውን እኔው ቆረጥኩ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እነዚህን ወረቀቶች፣ ደሴንም ጨምሮ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቼ «የአንቺን አንብቤአለሁ፣ የእኔን አንብቢ» አልኳት።

ስመለስ ወረቀቶቹ እንዳስቀመጥኳቸው ናቸው። ላያቸው ላይ የጨው ዕቃ፣ ሥሩ ብጣሽ ወረቀት፤ በዚያ ወፋፍራም የአማርኛ ፊደሏ «አላነበብኩም። አንቺ ንገሪኝ» ይላል።

ሳሎን ቲቪውን አጥፍታ ትጠብቀኛለች። አባባ ከምድር ቤት ብቅ ብለው፣ «አስቴር፣ እኔም ልስማ?» አሉ። ፈቃድ ሲጠይቁኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያቸው ነው።

«ለዛሬ ለእሷ ብቻ ልንገራት፣ አባባ።»

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና በሩን ቀስ ብለው ዘጉልን።

ሻዩ እስኪፈላ ነው ይህን የምጽፈው። ሊዲያ «ማሚ፣ መጣሽ?» ትለኛለች። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። «ደህና አልነበርኩም» ከሚለው ልጀምር መሰለኝ።