ሰደፍ ለግራ ትከሻ

ጥቅምት 3

ጠዋት ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት ጋሽ ቀስ ሱቅ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን "ቀስ በይ" ሳይሉ አንድ ብሎን እንኳ አስፈትተውኝ ስለማያውቁ ለኔ ጋሽ ቀስ ናቸው። ጠመንጃ ሠሪ። ልብስ ሰፊ ሆኜ እዚያ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ባሌም ይኼንኑ ይጠይቃል። "ከእንግዲህ ወጡ ጨው በዛበት የሚል አንደበት የለኝም" አለ። ይሻለዋል።

የዛሬው ትምህርት... ካቻቢቴው ከብሎኑ ጋር ልክ ካልሆነ አትንኪ። "የተበላ ብሎን ሠሪውን ዕድሜ ልኩን ያሳማዋል" አሉ። ስንት ካቻቢቴ አላቸው! ሁሉንም በሞረድ ራሳቸው ያስተካከሏቸው።

ጥቅምት 6

ቅዳሜ። አባባ ዛሬም መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ። ጓደኛው ጡሩምባ መኪናውን አቁሞ ከታች ተጣራ (ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው)። "ውረድ እንጂ! ሳህኖቹ ናፍቀውሃል!"

የሸክላ ሳህን እየተወረወረላቸው በአየር ላይ የሚመቱበት ሜዳ አላቸው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አባባ ቅዳሜን እዚያ ነው የሚውለው። ዛሬ መጋረጃውን ሳበው። "በቃኝ ካልኩ በቃኝ ነው።"

ቀኝ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ነው ይኼ ሁሉ። በግራ ትከሻው ሞከረ... አንድም አልመታ። መጨረሻ ላይ በንዴት ሲያስቀምጠው ጠመንጃው ወደቀና ሰደፉ ቀጭኑ አንገቱ ጋ ተሰነጠቀ። "እሱም እኔም አርጅተናል፣ ውሰጂና ሽጪው" አለኝ። ወሰድኩት። አልሸጥኩትም። አዲስ ሰደፍ ልሠራለት ነው የምማረው፣ እሱ ግን አያውቅም። ሜዳው ላይ ቆሞ ሲስቅ አንዴ ባየው... ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጥቅምት 12

ጋሽ ቀስ አንድ የደንበኛ ጠመንጃ ከፍተው፣ ባዶ መሆኑን አይተው፣ ዘግተው ሰጡኝ። ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥ ስል ጮኹ። ጋሽ ቀስ! ሲጮኹ!

"ክፈቺና እይ!"

"አሁን አይተውት የለ እንዴ?"

"እኔ አየሁ። አንቺ መቼ አየሽ?" ከእናትሽ እጅ ብትቀበይም ከፍተሽ ነው የምታዪው አሉ። በዚህ የሚቀየም ሰው ጠመንጃ አያውቅም ማለት ነው።

ማታ ባሌ ኩባያ ሲያቀብለኝ ጎንበስ ብዬ ውስጡን አየሁ። ባዶ ነበር። ሻዩን ረስቶታል! በሳቅ ሞትን።

ጥቅምት 21

እንጨቱ ተጀመረ። ብረቱን በኩራዝ ጭስ ጥላሸት መቀባት፣ እንጨቱ ላይ መጫን፣ ማንሳት፣ ጥቁር የነካውን ብቻ በመሮ መላጥ። ከዚያስ? እንደገና መቀባት። ቀኑን ሙሉ እንዲህ።

"ያችን የእንቁላል ተረት ግን እንዳይነግሩኝ" አልኳቸው። ሳቁ። "ጨርቅ ቢያጥርሽ ትቀጥያለሽ። እንጨት ግን አንዴ ካነሳሽ አነሳሽ ነው።"

አፍንጫዬ ድረስ ጥላሸት ሆኜ ገባሁ። ደስ ብሎኛል። ስፌት ቤት ሁሉም ሰው "ለነገ ይድረስልኝ" ነው... እዚያ ማንም አይጣደፍም።

ኅዳር 4

ቅርጹ አለቀ! አሮጌውን ሰደፍ አጠገቤ አስቀምጬ ልክ በልክ ገለበጥኩት። ጋሽ ቀስ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ብርሃን ላይ አገላበጡና "መንታ ናቸው" አሉ። ጋሽ ቀስ እንዲህ ካሉ በቃ፣ ሌላ ምስክር አልፈልግም።

ኅዳር 9

ዘይት። የተልባ ዘይት በባዶ መዳፍ፣ እጅ እስኪግል ማሸት። ደንበኛዬ "እጅሽ ምን ይሸታል?" አለችኝ። ሽቶ ነው አልኳት።

ኅዳር 13

አባባን "ገዢው ሊያናግርህ ይፈልጋል" ብዬ ሱቁ ወሰድኩት። እያጉረመረመ መጣ። ጋሽ ቀስ ጠመንጃውን ሲሰጡት ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። ከዚያ እንጨቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ማን ሠራው?"

ጋሽ ቀስ በአገጫቸው ወደኔ አመለከቱ። አባባ አየኝ... ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔማ ቀድሜ ማልቀስ ጀምሬያለሁ።

"ዓይንዎን ጨፍነው ያንሱት፤ ትከሻዎ ላይ ሲቀመጥ ይግለጡ" አሉት ጋሽ ቀስ። አነሳው። በግራ ትከሻው! ገለጠ። "አፈሙዙ ወደ ጎን ሸሸብኝ" አለ። ደገመው። ያው ነው። ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "እጅሽ ይባረክ ልጄ። ጠመንጃው ታደሰ፤ እኔ ነኝ የማልታደሰው።" ወጣ።

ጋሽ ቀስ ወደኔ ዞሩ። "በግራ እንደሚተኩሱ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ለውጥ አለው?"

ለካስ ሰደፍ ቀጥ ያለ አይደለም! አሮጌው ለቀኝ ትከሻ ትንሽ ወደ ቀኝ ጎበጥ ብሎ የተሠራ ነው። ለግራ ተኳሽ መጉበጥ ያለበት በተቃራኒው ነው። እኔም የአሮጌውን ጉብጠት ሳይቀር እንዳለ ቀድቻለሁ።

"ታዲያ ያኔ አንድም ያልመታው..."

"አዎና! ዕድሜው ምን አደረገ? በሰው ጫማ ሲሮጡ ነው የከረሙት።"

አሮጌ ቀሚስ አምጥታ "ይኼን የመሰለ ስፊልኝ" ለምትል ሴት ሁሉ ምንድን ነው የምለው? "ቀሚሱን ተይው፣ አንቺን ልለካ።" አዬ ጉድ! የሰው ሁሉ ወገብ ስለካ ኖሬ የገዛ አባቴን ሳልለካ!

ኅዳር 14

ለአባባ የሳትከው በሰደፉ ምክንያት ነው አልኩት። "ማባበሉን ተይው" ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጋሽ ቀስ አንድ መንገድ አለ ይላሉ። የሰደፉን አንገት በጋለ ዘይት አለስልሶ ማጉበጥ። "ወይ እሺ ይላል፣ ወይ ይሰነጠቃል።"

"ተሰንጥቆብዎት ያውቃል?"

"የሚበቃኝን ያህል።"

ኅዳር 17

በመጀመሪያ አባባን ለካሁ። አንገት፣ ትከሻ፣ ከጉንጭ እስከ ዓይን። "ምን ልትሰፊልኝ ነው?" "ዝም ብለህ ተለካ።"

ከዚያ ሱቅ። የሰደፉን አንገት በጨርቅ ጠቀለልን። እሳቸው የጋለውን ዘይት በጭልፋ ጠብ ያደርጋሉ፣ እኔ ሰደፉን ጨምቆ የያዘውን ሞርሳ አጠብቃለሁ። ትንሽ። ቆም። ትንሽ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አልጠረግኩም። ድንገት "ቀጭ" አለ። እጄን ሰበሰብኩ። ጋሽ ቀስ ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ አስጠጉ... ረጅም ጊዜ ቆዩ።

"ሞርሳው ነው" አሉ።

ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። በደንብ እስኪቀዘቅዝ መንካት የለም። የሱቁን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱት፤ አውቀውኛል።

ኅዳር 19

ፈታነው። ትንሽ መለስ ብሏል፣ ግን እንደጎበጠ ነው። ስንጥቅ የለም! በጥፍሬ ሳይቀር ፈለግኩ። የለም።

ኅዳር 25

ቅዳሜ። አባባ አልሄድም አለ። "አንዴ ብቻ፣ ለኔ ብለህ" አልኩት። ጡሩምባ ከታች ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ጋሽ ቀስም መጡ።

ሜዳው ላይ ጠመንጃውን ሰጠሁት። ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። ዓይኑን ጨፈነ፣ አነሳ፣ ገለጠ። ከትከሻው አላወረደውም። ቆየ... ቆየ...

"ምነው አባባ?"

"ዝም በይ። እያየሁ ነው።"

የመጀመሪያውን ሳተ። እኔ መሬት ዋጪኝ አልኩ። ሁለተኛው ሳህን አየር ላይ ዱቄት ሆነ። ጡሩምባ ጮኸ፤ ጋሽ ቀስም ጮኹ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ! ሦስተኛው ዱቄት። አራተኛውን ሳተና ራሱ ሳቀ፣ ያንን የጥንቱን ሳቅ፣ ሆዱን ይዞ።

"ያኔም ሰደፉ ነበር ማለት ነው?" አለኝ።

"ነግሬህ ነበር።"

"ያባበልሽኝ መስሎኝ..."

ባዶውን ጠመንጃ ሰጠኝ። ተቀብዬ ከፈትኩና አየሁ። አባባ ገላመጠኝ።

"ከኔ እጅ?"

"ካንተም እጅ።"

ጋሽ ቀስን ዞሮ አያቸውና "ይቺ ልጅ ጠመንጃ ሠሪ ወጥቷታል" አለ።

ቤት እንደገባን የመስኮቱን ወንበር አንስቶ ጠረጴዛው ጋ ወሰደው፣ ጠመንጃውን ሊወለውልበት። ከዚያ ስልክ አነሳ። "ጡሩምባ... አዎ፣ እኔ ነኝ። ቅዳሜ በጊዜ ና፤ ማርፈድ ትወዳለህ።"